ቆቡ ከላይ፣ መረሬው ከታች
የአንባቢያን ጥያቄና የባለሙያዎች መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከአዲስ አበባ ዳር ዳር የመጡ ናቸው። ትናንት ጤፍና ስንዴ ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ ዛሬ ባለ አሥር፣ ባለ አሥራ አምስት ወለል የቢሮ ሕንፃ ይቆማል፤ ጥያቄውም አብሮ ይበቅላል። የሚመሳሰሉትን ደብዳቤዎች አንድ ላይ አድርገናል፤ የጠያቂዎችን ስም አላወጣንም። የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «የምኖረው ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ እንጦጦ ግርጌ ነው። ጠዋት ቁልቁል ስመለከት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከሁሉም ጎልቶ ይታየኛል። አርክቴክቸር የሚማረው ልጄ ‹ይኼ ፖስት ሞደርን አይደለም› አለኝ። ታዲያ ፖስት ሞደርን የሚባለው የቢሮ ፎቅ የትኛው ነው? ከየትስ መጣ?»

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ነው። የንግድ ባንኩ ሕንፃ ቁመቱ ወደ 209 ሜትር ነው፤ የተመረቀው በየካቲት 2014 ዓ.ም. ነው። የነደፈው ሄን የተባለ የጀርመን የአርክቴክቶች ድርጅት ሲሆን ያነፀው የቻይና ስቴት ኮንስትራክሽን ነው። ገጹ እንደ ተሞረደ ዕንቁ ማዕዘን ማዕዘን የወጣለት መስታወት ነው። ካለፈ ዘመን የተዋሰው ዓምድ፣ ቅስት ወይም የጣሪያ ቅርጽ የለውም። ፖስት ሞደርን የሚያሰኘው ግን ይኸው ውሰት ነው።

ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ለሠላሳ ዓመት ያህል የቢሮ ፎቅ ማለት ጠፍጣፋ ጣሪያ ያለው የብረትና የመስታወት ሣጥን ነበር። የባንክ ይሁን የመድን ድርጅት ከውጭ አይለይም፤ ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት ነው። ይህ የሰለቻቸው አርክቴክቶች ሕንፃ እንደ ሰው እግር፣ ወገብና ራስ ይኑረው የሚለውን የጥንት ልማድ መለሱት። ድንጋይ፣ ቀለም፣ ቅስትና ቆብም አብረው ተመለሱ።

ስሙ የገነነው የኒው ዮርኩ ማዲሰን ጎዳና 550 ነው። ፊሊፕ ጆንሰንና ጆን በርጊ ለስልክ ኩባንያው ለኤቲ ኤንድ ቲ የነደፉት ሲሆን ያለቀው በ1984 ነው። ንድፉ በ1978 ይፋ ሲሆን ሰውን ያስደነገጠው ጣሪያው ነበር፤ የድሮ የእንግሊዝ ቁም ሣጥን ግንባር የመሰለ፣ ጫፉ ላይ በክብ የተቦረቦረ ሦስት ማዕዘን ነው። ቁመቱ 197 ሜትር ሆኖ ወለሉ 37 ብቻ ነው። 197ን ለ37 ቢያካፍሉት ለአንድ ወለል ከ5 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ተራ የቢሮ ወለል ግን ከ3.5 እስከ 4 ሜትር ይበቃዋል። ትርፉ የሄደው ለመግቢያው አዳራሽ፣ ለቢሮዎቹ ኮርኒስ ከፍታና ለቆቡ ነው። ከሥሩ ለእግረኛ ክፍት መተላለፊያ ስለተወ የከተማው ደንብ በለውጡ ተጨማሪ የወለል ስፋት ፈቀደለት። ይህ የንግድ ስሌት እንጂ የውበት ብቻ ጉዳይ አልነበረም።

ኩባንያው ግን ሕንፃው ባለቀበት በ1984 በጥር ወር በፍርድ ቤት ስምምነት ተከፋፈለ፤ ያን ያህል ቢሮም አላስፈለገውም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሶኒ ገባበትና ክፍቱን መተላለፊያ ዘግቶ ሱቅ አደረገው። በ2017 የድንጋይ እግሩን አፍርሶ በመስታወት የሚተካ ዕቅድ ሲወጣ ተቃውሞ ተነሣ። በ2018 ከተማው ቅርስ ብሎ መዘገበው። በአርባ ዓመት ውስጥ ከመሳለቂያነት ወደ ቅርስነት ማለት ነው።

ስለ ከፍታ ለሚጠይቁን ደግሞ የፊላዴልፊያው ዋን ሊበርቲ ፕሌስ የተሻለ ምሳሌ ነው። በዚያች ከተማ ከማዘጋጃ ቤቱ ማማ ላይ ከቆመው የከተማዋ መሥራች የዊልያም ፔን ሐውልት ባርኔጣ በላይ ማንም አይሠራም ነበር፤ ባርኔጣው ከመሬት 167 ሜትር ላይ ነው። ሕግ አልነበረም፤ የጨዋ ስምምነት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በ1901 ካለቀ ጀምሮ ከሰማንያ ዓመት በላይ ተከብሮ ኖረ። በ1980ዎቹ አልሚው ዊላርድ ራውስ በሄልሙት ያን ንድፍ 288 ሜትር የሚረዝም ባለ 61 ወለል ፎቅ አቀደ። ብዙ ተከራከሩ፤ የከተማዋን ፕላን ለዓመታት የመሩት ኤድመንድ ቤከን አጥብቀው ተቃወሙ። ከልካይ ሕግ ስላልነበረ ግን ሕንፃው በ1987 ቆመ። የከተማዋ ቡድኖች ዋንጫ ባጡ ቁጥር የኳስ አፍቃሪው «የፔን እርግማን» ይል ጀመር። በ2007 ሠራተኞች ከዚያ በሚበልጥ ሌላ ፎቅ ጫፍ ላይ ትንሽ የፔን ምስል ለጠፉ፤ በ2008 የቤዝቦል ቡድኑ ዋንጫ በላ። እኛን የሚነካን ያልተጻፈው ስምምነት ነው። «እዚህ ሰፈር ከዚህ በላይ አይሠራም» የሚል ወሬ ዋስትና አይሆንም፤ የከፍታ ወሰን በፕላን ላይ ሰፍሮ ሲገኝ ብቻ ይመኑት። ቦታዎ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መስመር ሥር ከሆነ ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የከፍታ ፈቃድ ከንድፉ በፊት ይምጣ።

ጥያቄ፦ «ሃያ ባለአክሲዮኖች ነን። ገላን አካባቢ ጂ+12 (ምድርና ከላዩ 12 ወለል) የቢሮ ሕንፃ ልንሠራ ነው። አርክቴክቱ ከላይ ሦስት ማዕዘን ግንባርና ዓምዶች ያሉት ንድፍ አሳይቶን ወደነዋል። መሬቱ መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ነው። ጎረቤታችን ‹ፉቲንግ ይበቃል፣ እኔ ጂ+4 ሠርቼበታለሁ› ይለናል። ምን እናድርግ?»

መልስ፦ ከጎረቤትዎ ፉቲንግ (ከኮለን ሥር የሚሠራ ሰፊ የአርማታ እግር) አይነሡ፤ ከራስዎ ኮለን (ምሰሶ) ይነሡ። ሂሳቡን በእጅ መሥራት ይቻላል። ኮለኖቹ በ6 ሜትር ርቀት ቢቆሙ አንዱ ኮለን በየወለሉ 36 ካሬ ሜትር ይሸከማል። የቢሮ ወለል ሶሌታው፣ ግድግዳው፣ ሰዉና ዕቃው ተደምሮ በካሬ 1.1 ቶን ገደማ ነው። 36 በ13 በ1.1 ሲባዛ 515 ቶን ይመጣል። መሬቱ በካሬ 30 ቶን የሚችል ከሆነ ፉቲንጉ 17 ካሬ፣ ማለትም በየጎኑ 4.1 ሜትር ይሆናል። መሬቱ 15 ቶን ብቻ ከቻለ 34 ካሬ፣ በየጎኑ 5.9 ሜትር ይሆናል። ኮለኖቹ 6 ሜትር ተራርቀው ቆመዋልና ፉቲንጎቹ ሊነካኩ ነው። እዚያ ላይ ፉቲንግ መባሉ ያበቃና ማት ፋውንዴሽን፣ ማለትም ከሕንፃው ሥር በሙሉ የተነጠፈ አንድ ወጥ አርማታ ይሆናል፤ ያም ካልበቃ ፓይል፣ ማለትም ወደ ጥልቁ ጠንካራ መሬት የሚወርድ ምሰሶ። ጎረቤትዎ ጋ በዚሁ ስሌት አንድ ኮለን የሚሸከመው 200 ቶን ገደማ ነው። ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ ሕንፃው ግን አንድ አይደለም። በነገራችን ላይ የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከ12 ሜትር በላይ የሆነውን ሁሉ ምድብ ሐ ውስጥ ያስገባው ቁጥጥሩ እንዲጠብቅ ነው።

መሬቱ ስንት እንደሚችል የሚነግርዎ ቁፋሮ ብቻ ነው። ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ፣ በአንድ መስመር ላይ ያልሆኑ፣ ከ15 እስከ 40 ሜትር ተራርቀው ይቆፈሩ። ከሁሉ የሚያሳስበን ስሕተት «ድንጋይ አገኘን» ተብሎ ማቆም ነው። በአዲስ አበባ ደቡብና ምሥራቅ ከመረሬው ሥር ብዙ ጊዜ የበሰበሰ ዓለት አለ፤ በውስጡም ያልበሰበሱ ትላልቅ ቋጥኞች ተቀብረው ይገኛሉ። መሰርሰሪያው ቋጥኙን ሲመታ ዓለት ይመስላል። ስለዚህ ድንጋይ ከተነካ በኋላ ቢያንስ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይቀጥል፤ የወጣው ናሙና በሣጥን ተደርድሮ፣ ጥልቀቱ ተጽፎበት ይታይዎ። ድንጋይ፣ ከዚያ ጭቃ፣ ከዚያ እንደገና ድንጋይ ካዩ ያገኙት ቋጥኝ ነው።

አሁን ወደ መረሬው እንምጣ። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል። በላቦራቶሪ ነጻ የማበጥ መጠኑ ከ50 በመቶ ካለፈ አስጊ ነው፤ ከ100 ካለፈ በጣም አስጊ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ወደ ጠንካራው የወረደውን ዋናውን ፎቅ መረሬው አያነሣውም፤ ከባድ ነው። የሚያነሣው ቀላል ቀላሉን ነው። 15 ሳንቲ የሆነ የመሬት ወለል ሶሌታ በካሬ ወደ 375 ኪሎ ብቻ ይመዝናል፤ ያበጠ መረሬ ግፊት ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ፎቁ ቆሞ ሳለ የመግቢያው ደረጃ ይነቀላል፣ የመኪና መውረጃው ይሰነጠቃል፣ የጥበቃ ቤቱ ይጣመማል፣ ከሕንፃው የሚወጣው የፍሳሽ ቧንቧ ግድግዳው ሥር ይቆረጣል። የተቆረጠው ቧንቧ ደግሞ አፈሩን ያጠጣዋል። ጉዳቱ ከዚያ በኋላ ራሱን በራሱ ይመግባል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ቁፋሮውን ከኅዳር በኋላ ያስጀምሩ። ጉድጓዱ የመጨረሻው ጥልቀት ላይ ሲደርስ በዚያው ቀን ሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው ያነሰ ስስ አርማታ) ይፍሰስበት፤ ለሳምንት ፀሐይ ላይ ተከፍቶ የቆየ መረሬ ደርቆ ይሰነጠቃልና በኋላ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል። ከመሬት ወለል ሶሌታ ሥር ከ1 እስከ 1.5 ሜትር መረሬ ወጥቶ በሰሌክት ማቴሪያል (በማያብጥ የተመረጠ አፈር) ይተካ፤ በየ20 ሳንቲው እየተጠቀጠቀና በየደረጃው እየተሞከረ፣ መጠጋጋቱ 95 በመቶ እስኪደርስ። ኮንትራክተሩ 60 ሳንቲ በአንዴ ገልብጦ ሮለር ቢያስኬድበት ላዩ ብቻ ይጠነክራል፤ ይህን ቆመው ይከልክሉ። ከግራውንድ ቢም (ኮለኖቹን ከታች ከሚያስተሳስረው አግድም አርማታ) ሥር ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ባዶ ቦታ ይተው፤ አፈሩ ሲያብጥ የሚገባበት ያገኛል። በሕንፃው ዙሪያ ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ መራመጃ ይሠራ። ቧንቧ ከሕንፃው የሚወጣበት ቦታ ላይ የሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ ይኑረው። ባሕር ዛፍ አጠገቡ አይተከል፤ ካለም ቢያንስ የራሱን ቁመት ያህል ይራቅ።

የወደዳችሁት ሦስት ማዕዘን ግንባር ሊሠራ ይችላል። ከምን እንደሚሠራ ግን አርክቴክቱ ሳይሆን መሐንዲሱ ይወስን። 20 ሜትር ርዝመትና በአማካይ 5 ሜትር ከፍታ ያለው ግንባር 100 ካሬ ነው። በ20 ሳንቲ ብሎኬት ተገንብቶ ሁለቱም ጎን ቢለሰን ከ35 ቶን በላይ ይመዝናል፤ በቀላል የብረት ፍሬምና በአልሙኒየም ገጽ ቢሠራ 4 ቶን አይሞላም። መሬት ሲናወጥ ደግሞ የሕንፃ ጫፍ ከእግሩ ይልቅ በብዙ ይወዛወዛል። በፈረንጆች 1995 በወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ለአዲስ አበባ የተወሰነው የመሬት ንዝረት ከመሬት ስበት ፍጥነት ጭማሪ 0.05 እጅ ነበር፤ በፈረንጆች በ2015ቱ 0.10 ሆኗል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከሰተው መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ሲሰማ፣ ያልታሰረ የብሎኬት ግንባር ከሁሉ ቀድሞ የሚወድቅ ነገር መሆኑን ሁሉም ባለቤት ሊያስብበት ይገባ ነበር። ከሥሩ የሕንፃው ዋና በር አለ፤ ሰው ሮጦ የሚወጣው በዚያ ነው። ብሎኬት ከሆነ የግድ ከታች ካለው ኮለን የቀጠለ ፌሮ ያለው የአርማታ ማሰሪያ ቀጥና አግድም ይግባበት። እኛ ግን የብረት ፍሬሙን አጥብቀን እንመክራለን።

ጥያቄ፦ «ሰሚት ያለው ሕንፃችን ፊቱ በሙሉ ከርተን ዎል (የአልሙኒየምና የመስታወት ግድግዳ) ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ያፈሳል። ሦስት ጊዜ ከውጭ ሲልከን አስደርገናል፤ ለውጥ የለም።»

መልስ፦ አራተኛውን አያስደርጉ። ውኃ ወደ አልሙኒየሙ ፍሬም መግባቱ አይቀርም፤ ደህና ከርተን ዎል የሚለየው የገባውን መልሶ በማስወጣቱ ነው። ከእያንዳንዱ አግድም አልሙኒየም ሥር ትንንሽ የማፍሰሻ ቀዳዳዎች ሊኖሩ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሲልከን ቀዳዳዎቹን ራሳቸውን መድፈኑ ነው። ያን ጊዜ ውኃው ውስጥ ለውስጥ ይጠራቀምና ሁለት ወለል ዝቅ ብሎ በኮርኒሱ ይወጣል። እርጥበቱ የታየበትና ውኃው የገባበት ቦታ አንድ ስላልሆነ ሠራተኛው ሁልጊዜ የተሳሳተውን ይለጥፋል።

ምንጩን ለማግኘት በውኃ ጎማ ይሞክሩ። አንድ ሰው ውስጥ ቆሞ ይይ፤ ውጭ ያለው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ በየ1.5 ሜትሩ አምስት አምስት ደቂቃ ያጠጣ። ከላይ ከጀመሩ ውኃው ሁሉንም መገጣጠሚያ ስለሚያርሰው ምንም አይለዩም። ካገኙ በኋላ አሮጌው ሲልከን በምላጭ ሙሉ በሙሉ ይነሣ፤ አዲስ ሲልከን በአሮጌው ላይ አይዝም፣ በአቧራ ላይ ጨርሶ አይዝም። አልሙኒየሙና መስታወቱ በአልኮልና በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጠረግ፤ አንዱ ጨርቅ ያረጥባል፣ ሌላው ሳይደርቅ ያነሣዋል። ክፍተቱ ውስጥ የስፖንጅ ገመድ ይግባ፤ የሲልከኑ ውፍረት የክፍተቱን ስፋት ግማሽ ያህል ይሁን። ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲልከን ለዚህ ሥራ አይግዙ፤ ብረትንና የድርብ መስታወት ጠርዝን ይጎዳል። የሚፈለገው ኒውትራል የሚባለው ነው።

ይህ ችግር የእርስዎ ብቻ አይደለም። ማይክል ግሬቭስ የነደፉት፣ በ1982 የተከፈተው ባለ 15 ወለሉ የፖርትላንድ ሕንፃ በፖስት ሞደርን ታሪክ ስሙ የሚጠራ ነው፤ ግን ገና ከጅምሩ ያፈስ ነበር፣ መስኮቶቹም ትንንሽ ስለሆኑ ውስጡ ጨለማ ነበር። በመጨረሻ ከ2017 እስከ 2020 ድረስ በታደሰበት ጊዜ ቀለም የተቀባው የኮንክሪት ገጹ በሙሉ በአልሙኒየም ተሸፈነ።

ከሰሚትና ከአያት ስለ ክላዲንግ (የሕንፃ የውጭ ልባስ) ለጠየቃችሁን አንድ ነገር ብቻ እንበል፦ የሚገዙት የአልሙኒየም ገጽ መሃሉ ተራ ፕላስቲክ ከሆነ በረጅም ሕንፃ ላይ አይለጥፉት። በሰኔ 2017 ለንደን ውስጥ በግሬንፌል ታወር 72 ሰው የሞተው እሳቱ በእንዲህ ያለ ክላዲንግ ላይ ወደ ላይ ስለሮጠ ነው። እሳት የማያያይዝ መሃል ያለው መሆኑን የሚያሳይ የምርመራ ወረቀት ይጠይቁ። በእያንዳንዱ ሶሌታ ጠርዝና በክላዲንጉ መካከል ያለው ክፍተትም እሳት በሚከለክል ሱፍ ይዘጋ።

ጥያቄ፦ «ለገጣፎ ለምንሠራው ጂ+12 ሁለት ሊፍት በቂ ነው ተባልን። እውነት ነው?»

መልስ፦ ወለላችሁ 500 ካሬ የሚከራይ ስፋት ካለውና ለአንድ ሠራተኛ 10 ካሬ ብናስብ በየወለሉ 50፣ በ12ቱ ወለል 600 ሰው ይሆናል። ጠዋት ሥራ መግቢያ ላይ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከዚህ 12 በመቶው፣ ማለትም 72 ሰው መነሣት አለበት። ባለ 13 ሰው ሊፍት በተግባር 10 ሰው ይዞ ይወጣል፤ እየቆመ ደርሶ ሲመለስ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ በ5 ደቂቃ ሁለት ጉዞ፣ 20 ሰው ነው። 72ን ለ20 ሲያካፍሉ 3.6፤ ስለዚህ አራት ሊፍት። በሁለቱ ከጀመራችሁ ሰልፉ አስፋልት ይደርሳል፣ ከስምንተኛ ወለል በላይ ያለው ቢሮም በርካሽ ካልሆነ አይከራይም። ሊፍት በኋላ ሊገዛ ይችላል፤ ጉድጓዱ ግን ሶሌታው ከተሞላ በኋላ አይጨመርም። ገንዘብ ካጠረ አራቱንም ጉድጓድ ሠርታችሁ ሁለቱን ባዶ አቆዩ።

የሊፍቱ ጉድጓድ ከሁሉ ከታችኛው ወለል በታች 1.5 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ የሕንፃው ዝቅተኛ ቦታ እሱ ስለሆነ የክረምት ውኃ መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው። የውኃ መከላከያው ከውጭ በኩል፣ አፈሩ ሳይመለስ ይሠራ። ትክክለኛውን መጠን ደግሞ ሊፍቱን ከሚያቀርበው ድርጅት የተፈረመበት ሥዕል ላይ ይውሰዱ፤ ሸር ዎሉ (በሊፍቱ ዙሪያ ያለው የአርማታ ግድግዳ) ከተሞላ በኋላ 10 ሳንቲ ጠበበ ብሎ አርማታ መፈልፈል ፌሮውን ያጋልጣል።

ጥያቄ፦ «ቱሉ ዲምቱ ነው። ጄነሬተራችን ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ኃይል አይሰጥም፤ ሊፍትና ፓምፕ አብረው ሲነሡ ይጠፋል። ፓምፑም ከጋኑ ውኃ መሳብ አቅቶታል። ሻጩ አታሎን ይሆን?»

መልስ፦ ላያታልል ይችላል፤ ቁጥሩ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ሳስቷል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል፤ እዚህ ሲደርስ ሩቡን ያህል አጥቷል ማለት ነው። ቱርቦ ያለው የሚያጣው ያነሰ ነው። ሲገዙ «በ2,400 ሜትር ስንት ይሰጣል?» ብለው የፋብሪካውን ሠንጠረዥ ይጠይቁ። ለጊዜው ሊፍቱና ፓምፑ በአንድ ቅጽበት እንዳይነሡ የሚያዘገይ ታይመር ያስገጥሙ።

ፓምፑም ያው ነው። በባሕር ጠለል ውኃ በመሳብ ቢበዛ 10.3 ሜትር ይወጣል፤ እዚህ 7.7 ገደማ ነው፤ የቧንቧው ሰበቃ ሲቀነስ ከ5 ሜትር በላይ አይታመኑበት። ፓምፑን ከጋኑ ወለል እኩል ያውርዱት ወይም ውኃ ውስጥ የሚቀመጠውን ይግዙ። የጣሪያ ጋን ካላችሁ ደግሞ እያንዳንዱ 10 ሜትር ወደ 1 ባር ግፊት ይሰጣል፤ በ45 ሜትር ሕንፃ ምድር ቤቱ 4.5 ባር ሲያገኝ ከጋኑ ሥር ያለው ወለል 0.3 ባር ብቻ ያገኛል። ለላይኞቹ ሦስት ወለሎች ለብቻቸው ትንሽ ግፊት የሚጨምር ፓምፕ ይግጠሙላቸው፤ የታችኞቹን በዚያው መስመር አያስገቧቸው፣ የቧንቧ መገጣጠሚያቸው ይፈነዳል።